ስፖንጁ ሞላ ተብሎ የተቆለፈው ፕሪንተር

በነሐሴ መጨረሻ፣ የተማሪዎች ምዝገባ በተጀመረበት ሰሞን፣ ታናሽ እህቴ በደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ በከፈተችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ፕሪንተር በድንገት ሥራ አቆመ። ወረቀት አልነከሰም፣ ቀለም አላለቀበትም፣ የተሰበረ ክፍልም አልነበረውም። ሁለት ቀይ መብራቶች እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ በኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የፕሪንተሩ የቀለም መምጠጫ የአገልግሎት ዘመኑን ስለ ጨረሰ ማሽኑ ወደ ጥገና ማዕከል ይወሰድ የሚል ጽሑፍ ይነበባል። «ጋሼ፣ ቶሎ ድረስልኝ፤ ሰው ተሰልፏል» ብላ ደወለችልኝ።

ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር ራሱን ባጸዳ ቁጥር ጥቂት ቀለም ያፈሳል፤ የፈሰሰውንም በማሽኑ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ስፖንጅ ይመጠዋል። በእኛ ማሽን ላይ ስፖንጁ ምን ያህል እንደ ረጠበ የሚለካ ነገር የለም። ያለው ቆጣሪ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን ጽዳት እየደመረ በአንዲት ቺፕ ላይ ይመዘግብና አምራቹ አስቀድሞ የወሰነው ቁጥር ላይ ሲደርስ ማሽኑን ይቆልፈዋል። ቀለሙ ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ እንዳይፈስ ነው የሚለው የአምራቾች ምክንያት እውነትነት አለው፤ እኔም ስከፍተው ስፖንጁ ጠቁሮና ከብዶ አግኝቼዋለሁ። ነገር ግን የቆሸሸ ስፖንጅ ይታጠባል ወይም ይቀየራል። ባለቤቱ ራሱ እንዳይቀይረውና ቀይሮም ቢሆን ማሽኑ እንዳይታዘዝለት ማድረግ ከመፍሰስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

በከተማችን የአምራቹ የጥገና ማዕከል የለም። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እዚያ ወዳለው ሻጭ ስንደውል የተሰጠን ምክርም ከማሠራት አዲስ መግዛት እንደሚሻል ነበር። እህቴ ይህን ፕሪንተር የገዛችው ሁለት ዓመት እቁብ ጥላ ነው። ማመልከቻ ለማስጻፍ የመጡ አንድ አዛውንት ንግግራችንን ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ የሚሠራውን ዕቃ አይሠራም ያለው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ወደ እርሳቸው ጥያቄ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም ገንዘቡን የከፈለችው እህቴ ስትሆን፣ ማሽኑ ሞቷል ብሎ የመፍረድ ሥልጣን ግን ከሽያጩም በኋላ በአምራቹ እጅ ቀርቷል።

በዚያው ምሽት ፕሪንተሩን ወደ ቤት ወስጄ ፈታሁት። ከበስተኋላ ያለውን ብሎን ሳወጣ ስፖንጁ የተቀመጠበት ሳጥን ወጣ፤ ስፖንጁን ለብ ባለ ውኃ እየጨመቅሁ ደጋግሜ አጠብኩት። ውኃው መጀመሪያ እንደ ቀለም ጠርሙስ ጠቁሮ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ መስሎ፣ በመጨረሻም ጠራ። የነሐሴ ጉም በዋለበት ደብረ ብርሃን እርጥብ ነገር በቀላሉ ስለማይደርቅ ሌሊቱን ከከሰል ምድጃው ራቅ አድርጌ አሰጣሁት፣ በማግስቱም ገና እርጥበቱ አልለቀቀውም ነበር። ዳግመኛ እንዳይሞላ ብዬ ቀለሙን ወደ ስፖንጁ የሚወስደውን ቀጭን ቱቦ ነቅዬ ከፋርማሲ በገዛሁት የግሉኮስ ቱቦ ቀጠልኩትና ጫፉን ከፕሪንተሩ ውጭ ባስቀመጥኩት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። አሁን የሚፈሰው ቀለም ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ይታያል፤ ጠርሙሱ ሲሞላም ሌላ ይተካል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ መብራቶቹ አሁንም ቀይ ነበሩ፤ ቆጣሪው ስፖንጁ መታጠቡን አያውቅም። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልስ የኮድ ቁልፍ በኢንተርኔት ይሸጣል፤ ዋጋው ለአንድ ማሽን 10 ዶላር ገደማ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት ይህ በባንክ ምንዛሪ ወደ 570 ብር ነበር፤ ከዚያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1,000 ብር አለፈ። ብሩ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እህቴም እኔም የለንም። በሀብታም አገር ያለ ሰው ለአንድ ምሳ የሚያወጣው ገንዘብ እዚህ የአንዲት ወጣት መተዳደሪያ የሚዘጋበት ወይም የሚከፈትበት ዋጋ ይሆናል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት በጫንኩበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ጽፈው በነጻ በሚያሠራጩት አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የቺፑን መዝገብ አንብቦ ቆጣሪው የት ላይ እንደደረሰ አሳየኝ፤ ዜሮ ጻፍኩበት፣ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት፣ አረንጓዴው መብራት በራ።

ተጠቃሚው ፕሮግራሙን አንብቦ የማሻሻልና የማካፈል መብት ይኑረው የሚለው የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ራሱ ከፕሪንተር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎች መልእክት እንዲልክ አድርጎ የቀድሞውን ፕሪንተር ፕሮግራም አሻሽሎት ነበር። ከዜሮክስ አዲስ ፕሪንተር ሲመጣ ግን የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ለማሻሻል የሚያስፈልገውን ጽሑፍ፣ እንዳያገኝ ተከለከለ፤ በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

የዕቃን ዕድሜ በስምምነት ማሳጠርም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ኦስራምንና ፊሊፕስን የመሳሰሉ አምራቾች ፌቡስ የተባለ ማኅበር በጄኔቫ መሥርተው የአምፖልን ዕድሜ ወደ 1,000 ሰዓት ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያ በላይ የሚበራ አምፖል የሠራ አባል መቀጮ ይከፍል ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት ይቀንስ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2017 አምኗል። ጥፋተኛነቱን ሳይቀበልም በ2020 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ስምምነቱ ግን የሚመለከተው በአሜሪካ ያሉ ባለ ስልኮችን ነበር። ያንኑ ስልክ ሁለተኛ እጅ ገዝቶ የሚጠቀም የሸዋ ሰው በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልተቆጠረም።

አዛውንቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ማመልከቻቸውን በሁለት ቅጂ ወሰዱ። ጠርሙሱ አሁን ሩቡ ሞልቷል፤ እህቴ ሳምንት በሳምንት ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ መስመር እያሰመረች ትከታተለዋለች። ወሬው ተሰምቶ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ካሉ የጽሕፈት ቤቶች ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ መብራት የሚያበሩ ፕሪንተሮች እንዳሏቸው ነግረውኛል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቱቦና ጠርሙስ ይዤ እሄዳለሁ።