መስታወቱ ጃንጥላ ነው ለካ! (የጦስኝ ሙከራዬ፣ ሁለተኛ ዓመት)

አምና ጦስኞቼን የገደልኳቸው እኔው ነኝ። ዘንድሮ አበቡልኝ።

አንድ ዘመዴ ከባሌ ሲመለስ ጥቂት ጦስኝ ከነሥሩ አመጣልኝ። ለሻይ ብሎ ነው። እኔ ግን ሥሩን ሳይ አላስቻለኝም፣ ተከልኩት። ጦስኝ ሽቅብ አያድግም፤ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ግንዱ አፈር በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል፣ እያደር ምንጣፍ ይሆናል።

የደጋ ተክል ነው፣ ከ2200 ሜትር በላይ ይወዳል። እኔ ያለሁባት ሐረር ደግሞ 1900 ገደማ ናት። አሮጌ መስኮት አግኝቼ የመስታወት ሳጥን ሠራሁለት፣ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ፍግም ጨመርኩ። ሞኝነቴ! ከደጋ የመጣን ተክል ምን ሙቀት ይጨመርለታል? ቀን ይቀቀላል፣ ሌሊት መስታወቱ ያልበዋል። ሐምሌ ላይ መሐሉ ጠቆረ፣ ከዚያ በቃ፣ በሰበሰ።

በሕይወት ከተረፈችው አንዲት ጥግ ጥቅምት ላይ 12 ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። የታች ቅጠላቸውን አራግፌ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰካኋቸው፣ ጥላ ስር። 7ቱ ሥር አወጡ።

አሁን መስኮቱ አራት የብሎኬት እግር ላይ ተቀምጧል። ጎኑ ሁሉ ክፍት ነው፣ ነፋስ እንደልቡ ያልፋል። ሥራው ዝናብ መከልከል ብቻ ነው። ከስሩ ችግኞቹን የተከልኩበት ድብልቅ ሁለት እጅ አሸዋና ጠጠር፣ አንድ እጅ አፈር ነው። ፍግ የለም። አንገቱ (ግንዱ ከአፈር የሚወጣበት ቦታ) እንዳይርስ ዙሪያውን ደቃቅ ጠጠር አለበስኩት፣ ውሃም በጎን ነው የማጠጣው፣ ያውም አፈሩ ሲደርቅ። የበጋው ፀሐይ ሲበረታ መስታወቱን በቀጭኑ ኖራ ቀባሁት። ሐረር ላይ መቼም ኖራ አይቸግርም።

ሐምራዊ አበባው ሲወጣ ንቦቹ ከየት እንደሰሙ እንጃ። ጎረቤቴ እማማም ሰምተዋል፤ «ለሻይ ትንሽ» እያሉ አንዱን ጥግ መላጣ አደረጉት። አብቦ ከጨረሰ በኋላ እኔም ጫፍ ጫፉን ከረከምኩ። ቅጠል የሌለው አሮጌ ግንድ ድረስ አትቁረጡ፣ ከዚያ መልሶ ማቆጥቆጥ ይከብደዋል።

ለድሬዳዋ ጓደኛዬ ሁለት ችግኝ ላክሁለት። እዚያ 1200 ሜትር ነው፣ ሙቀቱንም ታውቁታላችሁ። በሳምንቱ ደወለ። አንዱ ሄዷል። ሌላውን በሸክላ ማሰሮ አድርጎ ከውሃ በርሜሉ ጥላ ስር አስጠግቶታል።