የድሮ የካርቶን ቤቶችን በጥቅል አታስመጡ

ለአሻንጉሊት ባቡሬ መብራት የሚገባላቸውን የድሮ ቤቶች መሰብሰብ ስጀምር ስለ ዋጋ፣ ስለ መጠንና ስለ ቀለም የሚመክረኝ ሰው አላጣሁም፤ ስለ ማጓጓዝና ስለ መድን ካሳ ግን ትንፍሽ ያለልኝ አልነበረም። ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ይህንኑ ለመጀመር የሚያስቡ ወገኖች የእኔ ዕጣ እንዳይደርስባቸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ መጠን ይመረጣል። ባቡሬ ላየነል የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ባቡር ድርጅት ሥራ ስለሆነ የምከተለው «ኦ» የሚባለውን፣ የእውነተኛውን 1/48ኛ የሚያህለውን መጠን ነው፤ «ኤችኦ» የያዘ ሰው 1/87ኛውን ይፈልጋል። ባቡር በ1902 ደርሶ በቆረቆራት በድሬዳዋ ያደግሁ በመሆኔ ጣቢያና መንደር የሌለው ሐዲድ ባዶ ሆኖ ይታየኛል፤ ስለዚህ ከሠረገላዎቹ ይልቅ ለቤቶቹ ብዙ አወጣለሁ። ላየነል፣ እንዲሁም በ1928 የከሰረው የኮኔቲከቱ አይቭስ የሠሯቸው የቆርቆሮ ጣቢያዎች ውድ ቢሆኑም ጠንካሮች ናቸው። የፊላደልፊያዎቹ ባክማን ወንድማማቾች ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያወጧቸው የ«ፕላስቲክቪል» ቤቶች ርካሽ ናቸው፤ ያለ ሙጫም ይገጣጠማሉ። «ዲፓርትመንት 56» የተባለው ድርጅት ከ1976 ጀምሮ የሸጣቸው በረዶ የለበሱ የሴራሚክ ቤቶችም ለገና ጌጥ የታሰቡ ይሁኑ እንጂ ከሐዲድ አጠገብ ያምራሉ።

እኔን የማረኩኝ ግን የጃፓን የካርቶን ቤቶች ናቸው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ከዚያም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሜሪካ የገና ገበያ በርካሽ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በፔንስልቬንያ የሚኖሩ የሞራቪያ ክርስቲያኖች (ከመካከለኛው አውሮፓ የመነጩ ፕሮቴስታንቶች) በገና ሰሞን መንደር የመደርደር ልማዳቸው ሰፊ ገበያ ፈጥሮላቸዋል። አንዱን አንሥታችሁ ብታዩት ጣሪያው ላይ ብልጭልጭ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ መስኮቱ ሴሎፎን የሚባል ቀለም ያለው ስስ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ነው፤ በአጥሩ ጥግ ከሉፋ (ለገላ መፈተጊያ ከሚሆነው የደረቀ ተክል) ተቆርጣ አረንጓዴ የተቀባች ዛፍ ቆማለች፤ ከኋላው አምፖል የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለ። ከሥሩ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ማኅተም ካለበት በ1952 ካበቃው የአሜሪካ ወረራ ዘመን የመጣ ነው። ከባቡሩ መጠን ስለሚያንሱ ከገበታው ኋላ ስትደረድሯቸው መንደሩ ሩቅ መስሎ ይታያል።

በሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ አንድ አዛውንት ረጅም ደወል ቤት ያላት ቤተ ክርስቲያንና አብረዋት የነበሩትን ቤቶች ሊሸጡልኝ ተስማማን። እያንዳንዱ ቤት በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ በየራሱ ካርቶን እንዲገባ፣ ሁሉም ተሰብስበው ዙሪያውን በተሞላ ትልቅ ካርቶን እንዲታሸጉ በጽሑፍ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም ቃል በቃል ፈጸሙት፤ ፎቶግራፍም ላኩልኝ። ለሙሉ ዋጋው የመድን ዓረቦን ተከፈለ። ጥቅሉ ሲደርስ አንዱ ማዕዘን ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከባድ ነገር እንደተጫነበት ማንም ያውቃል። ሳልከፍተው ፎቶ አነሣሁት። ስከፍተው ደወል ቤቱ ከሥሩ ተገንጥሏል፤ ጣሪያው ተጨፍልቋል፤ ሴሎፎኑ ተተርትሯል፤ ጦርነት ያለፈውና ከሰባ ዓመት በላይ በሰው ቤት ተጠብቆ የኖረው ብልጭልጭ ከካርቶኑ ሥር ተከምሯል።

አጓጓዡ ድርጅት ዕቃው ከነማሸጊያው ይቅረብልኝ ስላለ ይዤ ሄድሁ። ሠራተኛው ካርቶኑን አገላብጦ አየና «ይጣራል» አለኝ። ቆይቶ የደረሰኝ ደብዳቤ ጉዳቱ የመጣው «በቂ ባልሆነ አስተሻሸግ» ነው ይላል። የአስተሻሸጉን ፎቶግራፎች አያይዤ ይግባኝ ስል፣ ስለ አስተሻሸጉ አንድም ቃል ሳያነሡ ምክንያቱን ቀየሩት፤ አሁን ደግሞ የዕቃው ዋጋ አልተረጋገጠም ተባለ፤ የሱቅ ደረሰኝ ወይም ተመሳሳይ አዲስ ዕቃ የሚሸጥበትን ዋጋ አቅርብ ተባልሁ። መሠራቱ ካቆመ ስንት ዘመን ላለፈው ዕቃ የአዲሱ ዋጋ ከየት ይመጣል? ተመሳሳይ ቤቶች የተሸጡባቸውን ዋጋዎች ሰብስቤ ላክሁ፤ የገማች ጽሑፍ ካልሆነ አንቀበልም አሉ። ገማች ጠየቅሁ፤ ክፍያው ከምጠይቀው ካሳ ብዙ አይተናነስም። ስልክ በደወልሁ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሣል፤ ነገሩን ከሥር መሠረቱ እንደገና አስረዳለሁ፤ ትሕትናቸው አልጎደለም፤ ፋይሌን ያነበበ ግን አልገጠመኝም። በመጨረሻ የማጓጓዣውን ክፍያ ብቻ መለሱልኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ዓረቦኑን ሲቀበሉ የዋጋ ማስረጃ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ማስረጃው አስፈላጊ የሆነው መክፈል ሲመጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ የድርጅቶቹ መመሪያ «በደንብ አሽጉ፣ መድን ግዙ» ቢልም የእኔ ምክር የተለየ ነው፤ የካርቶን ቤት በእጅ ተገዝቶ በእጅ ይምጣ። በፔንስልቬንያ ዮርክ በየዓመቱ በሚያዝያና በጥቅምት የሚካሄደው የባቡር ሰብሳቢዎች ገበያ ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ደርሶ መልስ የሚያስኬድ ነው። ማስላክ የግድ ከሆነ ደረሰኙ «የድሮ አሻንጉሊት» ብቻ አይበል፤ የእያንዳንዱን ቤት መግለጫ፣ ማኅተምና ዋጋ ለየብቻ ይዘርዝር፤ ግምቱም ዕቃው ከመላኩ በፊት ይጻፍ። ፕላስቲኩና ቆርቆሮው መንገድ ይችላሉ፤ እነሱን ያለ ስጋት አስልኩ።

ስለ መብራቱም ከብዙ ሰብሳቢዎች ጋር አልስማማም። እነሱ የቀድሞው አምፖልና ሽቦ አይነካ ይላሉ። በጥንቱ የገና መብራት ስምንት አምፖሎች በተከታታይ ስለሚያያዙ 120 ቮልቱ ተካፍሎ ለእያንዳንዱ 15 ቮልት ይደርሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎች በዚያው ቀዳዳ በቀጥታ በ120 ቮልት የሚሠራ ባለ 7 ዋት አምፖል ይከታሉ፤ ይህ ለደረቀ ካርቶን እሳት፣ ለፕላስቲክ ጣሪያ መጣመም ነው። እኔ ለካርቶኑም ለፕላስቲኩም ሞቅ ያለ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ እጠቀማለሁ። በቆርቆሮ ጣቢያዎች ውስጥ የ18 ቮልቱን አምፖል በ12 ቮልት አበራዋለሁ፤ ብርሃኑ ይለዝባል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ሲነኩት የሚፈረፈር ሽፋን ያለውን ሽቦ ሳላመነታ እቀይራለሁ፤ አሮጌውን በትንሽ ከረጢት አድርጌ ከቤቱ ጋር ስለማኖረው ወደፊት የሚገዛው ሰው የጎደለበት ነገር የለም። የፕላስቲክቪል ግድግዳ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡን ጥቁር ቀቡት ወይም ፎይል ለጥፉበት፤ ያን ጊዜ መብራቱ በመስኮት ብቻ ይወጣል።

ቤተ ክርስቲያኗን በስንዴ ዱቄት ሙጫ ጠግኛታለሁ፤ የተተረተረውን ሴሎፎን ግን አልቀየርሁም። ተመሳሳይ ዘመን ያለው ቀይ ሴሎፎን ያለው ሰው ካለ በዮርክ ገበያ ላይ ሊሸጥልኝ ይችላል፤ በጥቅል ግን አልቀበልም።