ክሬም የማይፈልግ የቲማቲም ሾርባ

አዲስ አበባ ላይ ብርዱ የሚበረታባቸው ሁለት ወቅቶች፣ ማለትም ነሐሴ እና ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ያለው ጊዜ፣ ሁለቱም ከጾም ጋር ይገጥማሉ፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። በመሆኑም በክሬም ወይም በወተት የሚወፍረው የቲማቲም ሾርባ ትኩስ ነገር እጅግ በሚያምረን ሰሞን ለጾመኛው አይሆንም። እኔ በክሬሙ ፈንታ ምስር ክክ እጨምራለሁ፤ በፍስክም ቢሆን ወደ ክሬሙ አልመለስም፤ ክሬም የቲማቲሙን ጣዕም ያለዝበዋል፣ ምስሩ ግን ሾርባውን ራት የሚሆን ምግብ ያደርገዋል።

ለአራት ሰው አንድ ኪሎ የበሰለ ቲማቲም፣ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት የቡና ሲኒ ምስር ክክ፣ አንድ ካሮት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት እና ትንሽ ዝንጅብል ይበቃል። ጉሊት ላይ ጠንካራው ቲማቲም ለሰላጣ ይፈለጋል፤ ለሾርባ የሚሻለው ግን እስከ ውስጡ የቀላውና ለስለስ ያለው ነው፣ ብዙ ጊዜም በዋጋ የሚቀንሰው እሱ ነው። ቲማቲም ፍሪጅ ውስጥ ሲከርም ጣዕሙ ስለሚቀንስ በዕለቱ የሚሠራበትን ከውጭ ማቆየት ይመረጣል።

የሽንኩርቱ ነገር እንደ ወጥ ነው። በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት ይቁላላል፤ ውሃው ደርቆ የድስቱን ሥር መያዝ ሲጀምርና ሽታው ከሚያቃጥል ወደሚጣፍጥ ሲለወጥ ሦስት ማንኪያ ዘይት ይገባል፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ካሮቱ ይከተላሉ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሾርባው ውሃ ውሃ ቢለው ቲማቲሙን መውቀስ የለበትም።

ቀጥሎ የሚገባው ታጥቦ የተዘፈዘፈው ምስርና አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ነው፤ ቲማቲሙ ገና ይቆያል። ይህ ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት፤ ምክንያቱም የቲማቲም ኮምጣጣነት የጥራጥሬንና የሥራ ሥርን መለስለስ ስለሚያዘገይ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ከተጣደ ምስሩ እንደ ጠጠር ጥርስ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የባሕር ዳርቻ አገር ሰው በጻፈው መመሪያ ላይ ያለው የማብሰያ ደቂቃ ለእኛ ድስት ያንሳል። ስለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ ምስሩን በማንኪያ ጀርባ ጫን ብሎ ማየት ያዋጣል፤ ያለ ተቃውሞ ከፈረሰ ደርሷል።

እስከዚያው የቲማቲሙ ልጣጭ ይነሣል፤ ከታች በኩል በመስቀል ቅርጽ ተጭሮ የፈላ ውሃ ቢፈስበት ልጣጩ ራሱ ይጠቀለላል። ፍሬውንና በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ የሚጥሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ጣዕሙ በብዛት ያለው እዚያ ነውና። የተከተፈው ቲማቲም ጨው ተጨምሮበት ከምስሩ ጋር ለግማሽ ሰዓት ያህል በቀስታ ይንተከተካል። በክረምት ቲማቲሙ ፈዘዝ ካለ አንድ ማንኪያ ድልህ ያግዘዋል፤ ኮምጣጣነቱ ከበዛም የቤኪንግ ሶዳ ቁንጥጫ ይበቃዋል፣ ያኔ አረፋ ስለሚያነሣ ድስቱ ጢም ብሎ መሞላት የለበትም። በሶብላና ቁንዶ በርበሬ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይነሰነሳሉ።

ግማሹን ብቻ መፍጨትና ከቀሪው ጋር መቀላቀል ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ የተፈጨ ሾርባ የሕፃን ምግብ ይመስላል። ትኩሱን ጁስ መፍጫ ውስጥ አፉ ድረስ ሞልቶ መክደን ግን አደገኛ ነው፣ እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ከተጠበሰ ዳቦ ጋር ይቀርባል። ያደረው ይበልጥ ስለሚወፍር በፈላ ውሃ ይቀጠናል፤ ሳይቀጥን ከተሞቀ ደግሞ ለፓስታ ጥሩ ስጎ ይወጣዋል።