ፊደልና ቡና በፌርፊልድ ቤት

ከብሪስቶል ወደ ባዝ በባቡር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። መንገዱ እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ አገር በኖርኩባቸው የመጀመሪያ ስምንት ዓመታት ፌርፊልድ ቤትን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም ከበሩ ላይ ቆሜ ፎቶግራፍ ተነሥቼ ተመለስኩ። ስለ ቤቱ የማውቀው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩበት መሆኑን ነበር። በውስጡ አረጋውያን እየተሰበሰቡ አብረው ምሳ እንደሚበሉና ዶሚኖ እንደሚጫወቱ፣ ከሩቅ የመጡ ሰዎችም በአንድ ማዕድ ተቀምጠው እንደሚጨዋወቱ የነገረኝ አልነበረም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ቤቱን እስከ ዛሬ ያቆየው ከታሪኩ ይልቅ በውስጡ የሚሰበሰበው ሰው ይመስለኛልና።

ታሪኩን ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ ገቡ። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከተናገሩ በኋላ፣ በዚያው ክረምት፣ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውኃዋ ወደምትታወቀው ወደ ባዝ ከተማ መጡ። ከተማይቱ ስለተስማማቻቸው ከመሐል ከተማው ወደ ምዕራብ፣ በኬልስተን መንገድ ላይ የሚገኘውን ቤት ገዙና ከቤተ ሰባቸው፣ አብረዋቸው ከተሰደዱት ባለሥልጣኖችና አገልጋዮች ጋር ገቡበት። ቤቱ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በጣሊያን አሠራር ዘይቤ የተሠራ፣ እንደ ባዝ ከተማ ቤቶች ሁሉ ማር በሚመስል ድንጋይ የታነጸ ነው። ጣሊያን አገራቸውን ወርሮባቸው የተሰደዱ ሰዎች የጣሊያን መልክ ባለው ቤት መጠለላቸውን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እስከ ሰኔ 1932 ዓ.ም. ኖረውበት፣ ከዚያ በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ለመመለስ ጉዞ ጀመሩ።

እነዚያ አራት ዓመታት የችግር ዓመታት ነበሩ። ብርዱ ከባድ፣ ገንዘቡም አጭር ነበር፤ ይዘዋቸው ከመጡት የብር ዕቃዎች መካከል የተሸጡ አሉ። ነገር ግን ያ ቤት በዚያው በችግር ጊዜ የሥራና የትምህርት ቤት እንደነበረ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1929 ዓ.ም. ያዘጋጁት ባዝ ውስጥ ነው። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በእነዚሁ ዓመታት ለንደን ገብታ በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምራለች። በግቢው ውስጥ ትንሽ ጸሎት ቤት ተዘጋጅቶ ካህናት ይቀድሱ ነበር። ታላቁ ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. አገራቸውን እንደናፈቁ እዚያው በስደት ዐረፉና ባዝ ከተማ ተቀበሩ፤ ዐፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው። ከሁሉም ይልቅ በዚያ ቤት ደረጃ ላይ ስወጣ የማስባቸው እሳቸውን ነው። ብዙ መጻሕፍት የጻፉ፣ ማተሚያ ቤት ያቋቋሙ ሰው የመጨረሻ ቀኖቻቸውን አማርኛ አንባቢ በሌለበት ከተማ ማሳለፋቸው ልብ ይነካል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1947 ዓ.ም. እንግሊዝን በይፋ ሲጎበኙ ወደ ባዝ ተመልሰው ነበር፤ ከተማይቱም የክብር ዜግነት ሰጥታቸዋለች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለከተማው በስጦታ ሰጡ። የሰጡትም ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ነበር። እኔ ዋናውን ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ለረጅም ጊዜ የአረጋውያን መኖሪያ ሆኖ ካገለገለ በኋላ የቀን መዋያ ሆነ፤ የባዝ ከተማ ከአናሳ ማኅበረ ሰቦች የመጡ አረጋውያን ማኅበርም መሰብሰቢያው አደረገው። በማኅበሩ ውስጥ ብዙዎቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ዊንድረሽ በተባለችው መርከብ ከተጀመረው ፍልሰት ወዲህ መጥተው በነርስነት፣ በአውቶቡስና በባቡር ሥራ፣ በፋብሪካ ይህችን አገር ያገለገሉ ሰዎችና ልጆቻቸው። በስደተኛ የተሰጠ ቤት ሌሎች ከአገራቸው ርቀው ያረጁ ሰዎች ምሳ የሚበሉበት ሆነ ማለት ነው። ጎብኚ የሚገባውም እነሱ ወደሚውሉበት ቤት እንጂ በገመድ ወደ ተከለለ አዳራሽ አይደለም፤ ፎቶግራፎቹና መታሰቢያዎቹ ከሻይ ስኒውና ከመጫወቻ ጠረጴዛው ጋር አብረው ይገኛሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በብሪስቶል ጥቂት ወላጆች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በተከራየነው ክፍል ውስጥ ልጆቻችንን ፊደል እናስተምራለን። አሥራ አራት ልጆች አሉን፤ ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ አሥራ አራት ሞልቷታል። ትምህርቱ ቀላል አይደለም። ልጆቹ ቤት ውስጥ አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ሀ ሁ ሂ» ማለትን በጥቂት ሳምንት ይይዙታል፤ አስቸጋሪው «ይህን የምማረው የት ላነበው ነው?» ለሚለው ጥያቄያቸው መልስ መስጠት ነው። በየመንገዱ የአማርኛ ጽሑፍ በማይታይበት አገር ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በመሆኑም ፊደሉ ሥራ የሠራበትን ስፍራ ላሳያቸው ፈለግሁና ወደ ፌርፊልድ እንውሰዳቸው የሚል ሐሳብ አቀረብኩ።

ሐሳቡን ሁሉም አልተቀበለውም። ከወላጆቹ አንዱ፣ ቤተ ሰቡ ከወሎ የሆነ ሰው፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በረሀብ ያለቁትን ዘመዶቹን እያነሣ ልጁ ለንጉሥ እንዲሰግድ እንደማይፈልግ ነገረን። ሌላዋ እናት ደግሞ አባቷ ስለ ስደቱ ሲያወሩ «አርበኛው ጫካ ሳለ» ብለው እንደሚጀምሩ አስታወሰች። እነዚህን ቃሎች በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ረጅም ጊዜ ተነጋገርን። በመጨረሻ የተስማማነው ልጆቹን የምንወስደው እንዲያመሰግኑም እንዲወቅሱም ሳይሆን እንዲያነቡና እንዲጠይቁ ነው በሚል ነበር፤ ያ የወሎ ሰውም መጣ፣ በመንገድ ላይ ለልጆቹ የቤተ ሰቡን ታሪክ የነገራቸውም እሱ ነው። ይህ በመሆኑ በጣም ደስ ብሎኛል።

የጉብኝቱ ዕለት ከቤቱ ጠባቂዎች ጋር አስቀድመን ስለተነጋገርን ጠረጴዛና ወንበር ተዘጋጅቶልን ነበር። ትምህርቱን የጀመርኩት በንግግር አይደለም። የመጽሐፉን ርእስ በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፌ ልጆቹ እንዲያነቡት ሰጠኋቸው። «ሕይወቴና» የሚለውን ቃል ትልቋ ልጅ ከፍላ «ሕይወት»፣ «ሕይወቴ»፣ «ሕይወቴና» ብላ ለታናናሾቿ አስረዳች። «እርምጃ» ላይ ስንደርስ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መራመድ ማለት ነው?» አለ። አዎን፣ ከዚያው ነው የመጣው፤ ሰው ሲራመድ እርምጃው ይቆጠራል፣ አገርም ወደፊት ስትሄድ እርምጃ አደረገች ይባላል። «ታዲያ አገሪቱ ተወርራ እሳቸው እዚህ ቁጭ ብለው ስለ እርምጃ ጻፉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው። እኔ ለዓመታት ያላሰብኩትን ጥያቄ ነው ያነሣው፤ ከወላጆች ሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጡት፣ ክርክሩም እስከ ምሳ ሰዓት ቀጠለ። ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» ለምን እንደሚለያዩ ያስረዳሁትም በዚያው በርእሱ ውስጥ ባለው «ሐ» እና በንጉሡ ስም ውስጥ ባለው «ኀ» ነው፤ በተከራየነው ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ቡናው የራሱ ታሪክ አለው። የእኛ እማማ፣ የማኅበራችን ታላቅ፣ ረከቦቱን፣ ጀበናውን፣ ስኒውንና እጣኑን በሻንጣ ይዘው ነው የመጡት፤ ፈንዲሻውን ግን ቤታቸው አፍክተውት ነበር። በአሮጌ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልና ቡና መቁላት እንደማይቻል አስቀድሞ ተነግሮናል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይጮኻል፣ ቤቱም በእሳት ሊቀልዱበት የሚገባ ቤት አይደለም። ስለዚህ ቁላቱ በአትክልቱ ስፍራ ሆነ። እማማ በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲቆሉ ሽታው ወደ ቤቱ ገባና በዚያ ቀን ተሰብስበው የነበሩት አረጋውያን አንድ በአንድ ወደ በሩ መጡ። እማማ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው። የተቆላውን ቡና ከነምጣዱ በየሰዉ ፊት አዞሩት፤ ሁሉም በእጁ ጢሱን ወደ አፍንጫው እየሳበ አሸተተ። አቦሉን ውጪ፣ ቶናውንና በረካውን ገብተን ጠጣን። እነሱም ከምሳቸው ሩዝና ባቄላ አካፈሉን።

ከአረጋውያኑ መካከል አንዲት ጃማይካዊት ነበሩ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕፃን ነበሩ። አባታቸው በትከሻ ተሸክመው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እንደወሰዷቸው፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበረ፣ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን እንደከበበውና ንጉሡ ወዲያው መውረድ እንዳልቻሉ ለልጆቹ ነገሯቸው። እሳቸው ራሳቸው ራስ ተፈሪያዊ አይደሉም፤ አባታቸውም አልነበሩም። «የሄድነው የእኛ መልክ ያለው ንጉሥ ሊመጣ ነው ስለተባለ ነው» አሉ። የእኛ ልጆች ይህን ከመጽሐፍ አይማሩትም ነበር። የንጉሡ ልደት የሚታሰብበት ሐምሌ 16 ቀን ከየከተማው ወደ ባዝ የሚመጡ ራስ ተፈሪያውያን እንዳሉም የሰሙት ከእሳቸው ነው። ከዚያ ልጆቹ ዶሚኖ እንዲጫወቱ አስተማሯቸው፤ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጡት በኃይል እያጋጩ ስለሆነ ታናናሾቹ ወደዱት።

በዚያ ቀን ያሳዘነኝ አንድ ነገር አለ። በእንግዶች መዝገብ ላይ የሰፈሩትን ስሞች ሳገላብጥ ብዙ የሐበሻ ስሞች አገኘሁ፤ አብዛኞቹ ግን እንደ እኔ አንድ ቀን መጥተው ፎቶግራፍ ተነሥተው የሄዱ ይመስላሉ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ሁላችንም ሥራና ኑሮ አለብን። ነገር ግን በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በብሪስቶል በየሳምንቱ አዳራሽ እየተከራየን ዕድር እንሰበሰባለን፣ ልደት እናከብራለን፣ ቋንቋ እናስተምራለን። በዚያው አገር ውስጥ ደግሞ ሰው እንዲሰበሰብበት ተብሎ በአንድ ኢትዮጵያዊ የተሰጠ ቤት አለ፤ ያንን ቤት የሚጠብቁት፣ ክረምት ሲመጣ ስለ ማሞቂያው የሚጨነቁት በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ያልሆኑ ፈቃደኞች ናቸው። አሮጌ ቤት ጣሪያው ይፈስሳል፣ መስኮቱ ይበሰብሳል። ጎብኚ በሌለበት ዓመት ይህን ማን ይችላል? ሙዚየም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተዘግቶ ነበር። እስከ ዛሬ ያቆየው ምሳውና ዶሚኖው ነው፣ ብዬ የማምነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ለሐምሌ ሁለተኛ ጉዞ አስበናል። በዚህኛው ጉዞ ልጆቹ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጽሑፎች አጫጭር ክፍሎችን እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ ቤቱ ስንሄድም ተቀብረውበት ወደነበረው መቃብር ስፍራ ጎራ እንላለን። የወሎው ወንድማችን ስለ አርበኞች ሊያስተምር ቃል ገብቷል። አብራችሁን መምጣት የምትፈልጉ ወላጆች ካላችሁ፣ ቤቱ ለጉብኝት የሚከፈትባቸውን ቀኖች አስቀድማችሁ ከቤቱ ጠይቁ፤ የቀን መዋያው ሰዓት የአረጋውያኑ ስለሆነ ድንገት ብዙ ሆኖ መግባት አይገባም። ስኒ እንዳንቸገር እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አራት አራት ይዞ ቢመጣ መልካም ነው፤ ቡናውን እንደ በፊቱ በአትክልቱ ስፍራ የሚቆሉት እማማ ናቸው።