«አዎ» የለመደ ጣት

ፍኖተ ሰላም ለሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን የጤፍና የበቆሎ ገቢ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ተርሚናል ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ ነው፤ አሮጌው ኮምፒውተር ከዚያ በላይ አይችልም። ከትእዛዞቹ አንዱ «አጽዳ» ነው፤ ዓመት ሲሰጡት ከዚያ በፊት ያለውን መዝገብ ይሰርዛል።

መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከ2009 እስከ 2013። መዝጋቢው አንድ ቀን የኮምፒውተሩን ቀን አይተው «አጽዳ 2021» ብለው ጻፉ። ሁሉም ሄደ።

«አልጠየቀዎትም እንዴ ጋሼ?»

«ጠይቋል። መቼ የማይጠይቅበት ጊዜ አለና! አዎ አልሁት።»

እውነታቸውን ነው። ለማተምም፣ ለመዝጋትም፣ ለመሰረዝም «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ደንቅሬ ነበር። ቀኑን ሙሉ አዎ ሲል የሚውል ጣት አያነብም። ሁለት ሳምንት ከገቢ ደረሰኝ ጥራዝ ላይ ኩንታል በኩንታል እያየን መልሰን አስገባን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የቸኮልሁት ግን እኔ ነበርሁ፣ የለቀሙት እሳቸው።

ደንግጬ «አጽዳ»ን በይለፍ ቃል ቆለፍሁት። ይሄ ባሰ። ይለፍ ቃሉ እኔ ዘንድ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ። ዲስኩ ሲሞላባቸው የወንድማቸውን ልጅ ጠርተው ፋይሉን በቀጥታ በአርኤም (rm)፣ ፋይል በሚያጠፋው የተርሚናል ትእዛዝ፣ አስጠፉት።

አርኤምን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ሊኑክስ ላይ የተለመደው የጂኤንዩው አርኤም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥሩን «/»፣ ማለትም ሌሎቹን ማውጫዎች (ፎልደሮች) ሁሉ የያዘውን የበላይ ማውጫ፣ አጥፋ ቢሉት እምቢ ይላል፤ የግድ የሚል ሰው «--ኖ-ፕሪዘርቭ-ሩት» ብሎ በረጅሙ መጻፍ አለበት። ቀዳዳ አለው፦ «/*» ከተባለ «ሁሉም» የምትለዋን ኮከብ ሼሉ፣ ማለትም የተጻፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ አስቀድሞ ስለሚዘረዝራት፣ አርኤም የሚደርሰው የማውጫዎች ዝርዝር እንጂ ሥሩ አይደለም። አሠራሩን ግን ወደድሁለት። አይከለክልም፤ በስህተት እንዳይሆን ብቻ ያደርጋል።

አሁን «አጽዳ» መጀመሪያ የሚጠፋውን ዘርዝሮ ያሳይና ይቆማል። ለመሰረዝ የመዝገቦቹን ብዛት በቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። የተሰረዘውም 30 ቀን ሌላ ማውጫ ውስጥ ይቆያል። ሌላውን ጥያቄ ሁሉ አነሣሁት። ገና ያልደረሰ ዓመት ደግሞ አይቀበልም፤ ይህን አንድ መስመር መጀመሪያ ብጽፈው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ! በስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞችን ጽፎ ያለ ሰው ለሚያሠራ፣ ቁጥር ሳይጠይቅ የሚያሰርዝ «--ግድ» አለ፤ ያለ እሱ፣ ተርሚናል ላይ ሰው ከሌለ ምንም አይሰርዝም።

መዝጋቢው ቁጥር ማስጻፌ ያማርራቸዋል። «--ግድ»ን አላሳየኋቸውም፤ የወንድማቸው ልጅ ግን መመሪያውን ሳያነበው አይቀርም።