በሰሜን ተራሮች ድንኳን የት ቢተከል ይሻላል?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በእግር ለማየት ከደባርቅ የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት የማደሪያውን ቦታ ነው። ሳንቃበር የተባለው የድንኳን ሰፈር ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ሰውነት ከከፍታው ጋር እንዲላመድ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ ማደር ተገቢ ነው።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን ግጭ የተባለውን ሰፈር ነው። መኪና ስለማይደርስበት ጸጥታው የተሟላ ነው፤ ጓሳ ሣር በለበሰው ሜዳ ላይ ጅብራ የተባሉት ግዙፍ ዕፅዋት ከሰው ቁመት በላይ ተገትረው ይታያሉ፤ ማለዳ የተነሣ ሰውም 3,926 ሜትር ከፍታ ካለው ኢሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆሞ ከሥሩ የተዘረጋውን ቆላ ማየት ይችላል። ገደል ላይ ያደሩት ጭላዳዎች ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው፣ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣቶቻቸው እየነጩ ሲበሉ በቅርብ ማየትም እጅግ ደስ ያሰኛል።

ዋልያ ማየት የሚፈልግ ጨነቅ የተባለውን ሰፈር ይምረጥ፤ መንገዱ በመኪናም ያስገባል።

የትኛውም ቦታ ቢመረጥ፣ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ድንኳኑን ጎድጓዳ መሬት ላይ መትከል አይገባም፤ በደረቁ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ለማብሰያ ደግሞ የጋዝ ምድጃ ይዞ መሄድ ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድገው የአስታ ዛፍ ለአንድ ምሽት እሳት ሲባል መቆረጥ የለበትም።