የአባዬ 14 ወር

ደብዳቤው የመጣው ባለፈው ሐሙስ ነው። ሰባት መስመር ናት። ቆጥሬያታለሁ። ራስጌው ላይ ቁጥርና ቀን አለ፣ ግርጌው ላይ ክብ ማህተምና ቲተር። መሀል ላይ ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል ደጅ የጠናንላት ነገር ተጽፋለች፦ የሻለቃነት ማዕረጉ በአስተዳደራዊ መዘግየት ምክንያት ከመጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተመዝግቦ የቆየ ቢሆንም ከጥር 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲታሰብ ተስተካክሏል ትላለች።

14 ወር። የአባዬ 14 ወር ተመለሰ።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው። የቦታ፣ የቀለብ፣ የዝውውር፣ የልደት ካርድ፣ ምን የማልጽፈው አለ። ስንቱን ሰው «ቀኑን አይተውታል? ስምዎ ልክ ነው?» እያልኩ አርሜ ሸኝቻለሁ። የገዛ አባቴ ወረቀት ላይ ቀን መበላሸቱን ግን ለአምስት ዓመት ያህል አላወቅኩም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። እቤታችሁ ጡረታ የወጣ ወታደር ካለ፣ ወይም ወንድማችሁ፣ እህታችሁ አሁንም ሠራዊት ውስጥ ካሉ፣ ዛሬ ማታ ሳጥኑን አስከፍቱና ደብዳቤውን እዩት።

እኛ ያወቅነው ለቅሶ ላይ ነው። ጥር 2015 ደብረ ሲና የአባዬ የድሮ ባልደረባ እናት አርፈው ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሌላ ጡረተኛ ሻለቃ አጠገባችን ተቀመጡ። እሳቸውና አባዬ አንድ ቀን የታጩ፣ አንድ ዝርዝር ላይ የነበሩ፣ አገልግሎታቸውም እኩል 25 ዓመት ነው። ጨዋታ ጨዋታን እያነሳ ስለ ጡረታ ተወራ። «አንተ ስንት ይደርስሃል?» አሉት። ነገራቸው። ሰውየው ቡናቸውን አስቀመጡና «እንዴት ሆኖ?» አሉ። አባዬ ዝም አለ። ስንመለስም ዝም እንዳለ ነበር። ጣርማ በር ላይ እንደ ልማዱ ጉም ወርዶ ሚኒባሱ ዋሻውን በመብራት ሲያልፍ እንኳ አልተናገረም፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ዋሻውን ጣሊያን እንዴት እንደቆፈረው ሳይነግረኝ አያልፍም።

ቤት ስንደርስ ከአልጋው ሥር የብረት ሳጥኑን ጎትቶ አወጣ። ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልሎ በዓመት በዓመት አስሯቸዋል። ሁለቱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋልኝ።

የመጀመሪያው የማዕረግ እድገት ዝርዝር ግልባጭ ነው። ሠንጠረዥ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ነባር ማዕረግ፣ የተሰጠ ማዕረግ። 17ኛው ላይ የአባዬ ስም አለ። ከሠንጠረዡ በላይ ማዕረጉ ከጥር 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚታሰብ በግልጽ ተጽፏል። ሁለተኛው ለእሱ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሻለቃ መሆኑን ያበስራል፣ እንኳን ደስ ያለህ ይላል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አይልም። ያለው ቀን አንድ ብቻ ነው፣ በስተቀኝ ራስጌው ላይ፣ ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን። መጋቢት 1 ቀን 2010። ማህደሩን የሞላው ሰው ያገኘውን ቀን ገለበጠ። በቃ። ይህችው ናት።

ወታደር ቤት ያልኖረ ሰው ልዩነቱ ላይገባው ይችላል። ደብዳቤ የተጻፈበት ቀን ሌላ ነው፣ ማዕረጉ የሚታሰብበት ቀን ሌላ ነው። አባዬ መዘግየቱን ያውቅ ነበር። ጓደኞቹ ማዕረግ ሲለብሱ እሱ አብዬ ነበር፣ የሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት ቦታ። የተባበሩት መንግሥታት እዚያ ያሰማራው ጦር ከ2003 ጀምሮ አብዛኛው የእኛ ልጆች ነበሩ። ሲመለስ ወደ ሌላ ክፍል ተመደበ። ማህደሩ የድሮው ክፍል ቀረ። የድሮው ክፍል «ተዛውሯል፣ አዲሱ ያልብሰው» አለ፣ አዲሱ ደግሞ «ማህደሩ አልደረሰንም» አለ። በዚህ መሀል 14 ወር አለፈ። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። ሁለት ቢሮ ተያይቶ አንዱም አላነሳውም፣ ያ ነው የሆነው። አባዬም ደብዳቤው ሲመጣለት «ዋናው መምጣቱ ነው» ብሎ ለበሰና ሥራውን ቀጠለ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

መጀመሪያ የሄደው የ14 ወር የደመወዝ ልዩነት ነው። እሺ፣ እሱን ተዉት እንበል። ቀጥሎ ቀደምትነት አለ። ሁለት ሻለቆች አንድ ቦታ ቢገናኙ ማዕረጉን ቀድሞ ያገኘው ነው አለቃው፣ ሰላምታ ሰጪና ተቀባዩ በዚያ ነው የሚለየው። አባዬ አብረውት ለታጩት ሁሉ፣ አልፎም ከእሱ በኋላ ለታጩት ሳይቀር፣ ታናሽ ሆኖ ነው ያገለገለው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ትንሽ ተቀየረ። ስለ ብሩ ሲያወራ አልተቀየረም።

ሦስተኛው ጡረታው ነው፣ እዚህ ላይ ታገሱኝ፣ ስሌቱን ስለተማርኩት ላሳያችሁ። አባዬ የወጣው ሰኔ 2011 ነው። ያኔ የሚሠራው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ነበር። በዚያ አዋጅ ጡረታ የሚሰላው ሰውየው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የውትድርና ዓመት 1.65 በመቶ ይጨመራል። 25 ዓመት ላገለገለ ሰው 54.75 በመቶ ይመጣል። እንግዲህ ሦስት ዓመት 36 ወር ነው። አባዬ በትክክለኛው ቀን ቢሆን ከ36ቱ 30ውን በሻለቃ ደመወዝ ነበር የሚታሰብለት። በተበላሸው ቀን ግን 16ቱ ብቻ በሻለቃ፣ 20ው በሻምበል ሆኖ ቁጭ አለ። የሁለቱ ማዕረግ ደመወዝ ልዩነት 1,000 ብር ነው ብላችሁ ብታስቡ፣ አማካዩ በ389 ብር ገደማ ይቀንሳል፣ ከጡረታው ላይ ደግሞ በየወሩ 213 ብር ገደማ ይጎድላል። በየወሩ፣ ዕድሜ ልኩን። እሱ ካለፈ በኋላም አያቆምም፣ ምክንያቱም ሚስት የምታገኘው የባሏን አበል ግማሽ ነው። ራስጌ ላይ ያለች አንዲት ቀን እማዬ ድረስ ትመጣለች ማለት ነው።

ይህን ጽፌ ለአባዬ ሳነብለት «ተይው እማ» አለኝ። «ወታደር ማዕረግ አይለምንም።» ሦስት ቀን ተከራከርን። እሱ መንዜ ነው፣ ያለውን ካለ አለ ነው። በመጨረሻ ያልኩት ይህን ነው፦ አባዬ፣ ማዕረጉን ማንም አልወሰደብህም፣ የምንጠይቀው ቀኑን ነው፣ ቀኑ ደግሞ አንተ አብዬ ጸሐይ ላይ የቆምክበት ነው። መልስ አልሰጠኝም። ጠዋት ተነስቶ ኮቱን ለብሶ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ደርሰን፣ እማዬ የቋጠረችልንን የገብስ ቆሎ ይዘን፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን ቆጥሬ አልጨርሰውም። መንገድ እየተዘጋ ወራት የቆየንበትም ጊዜ ነበር። ቢሮ ስንደርስ ያው የሚታወቀው ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማህደሩ ከመዝገብ ቤት አልወጣም። ይህ እኛን አይመለከትም፣ ሦስተኛ ፎቅ ሂዱ። ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ መጀመሪያ የቀድሞው ክፍል ያረጋግጥ ይላል። የቀድሞው ክፍል ቦታ ቀይሯል። አባዬ በየበሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስሙንና የድሮ ቁጥሩን ሲናገር ሳየው ሆዴ ይባባ ነበር፣ ልጁ የሚሆን ሰው ቀና ብሎ ሳያየው «ነገ ይመለሱ» ሲለው ደግሞ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

መጀመሪያ ያስገባነው ማመልከቻ ሦስት ገጽ ነበር። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ከነንዴቴ። ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ የት እንደቆሰለ፣ ምን ያህል እንደተበደለ። ማንም አላነበበውም። የለወጡን አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ እናት። ሦስቱን ገጽ አገላብጠው «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ስህተቷ የት ነው ያለችው?» አሉኝ። አፈርኩ። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበረች።

ቤት ገብቼ እንደገና ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ። ማህደሩ ላይ ያለው ቀን ይህ ነው፣ በዝርዝሩ ተራ ቁጥር 17 ላይ ያለው ቀን ይህ ነው፣ ልዩነቱ የመጣው በዚህ የዝውውር ደብዳቤ ምክንያት ነው፣ እንዲስተካከል የምንጠይቀው ይህ ነው። ከኋላው ዝርዝሩን፣ ለግዳጅ የወጣበትንና የተመለሰበትን ደብዳቤ፣ የዝውውሩን፣ የጡረታ መውጫውን በቀን ቅደም ተከተል አያያዝኩ። የደብረ ሲናው ሻለቃም የራሳቸውን ደብዳቤ ግልባጭ ሰጡን፣ አንድ ዝርዝር ላይ ለነበረ ሌላ ሰው ጥር 1 እንደተመዘገበ የሚያሳይ። ያ ወረቀት ከሁሉም በላይ ሠራ መሰለኝ። በአንድ ዝርዝር ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ሁለት ቀን ሊኖራቸው አይችልማ።

ይህ ነገር የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ድሮ አንድ ወታደር መዝገቡ ከተበላሸበት ምክር ቤቱ ለእሱ ለአንዱ ብቻ ሕግ ያወጣለት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ግን ያ ቀረና መዝገብ የሚያርሙ ሲቪሎች የሚቀመጡበት ቦርድ እንዲኖር ሕግ ወጣ። ወታደሩ ስህተቱን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ያመለክታል፣ ካለፈበትም ቦርዱ ለፍትህ ሲል ሊያየው ይችላል። የማዕረግ ቀን ማስተካከል ከሚመጡላቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። ሳነበው ቀናሁ። አንድ የታወቀ በር፣ አንድ ቅጽ፣ ልጅ ያልተከተለው ሽማግሌም ብቻውን ሊሄድበት የሚችል። እኔ ባልኖር አባዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚያበቃው። ልጅ የሌላቸውስ? እኔ ቤት እየመጡ ወረቀት ከሚያስጽፉ ጡረተኞች ስንቶቹ ናቸው ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን ዘርግቶ ያየላቸው?

ማዕረግ እንደተሰጠህ በዚያው ሳምንት ደብዳቤህ ውስጥ «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የምትል ቃል መኖሯን እይ። ከሌለች ያን ጊዜውኑ ጠይቅ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ግዳጅ ስትወጣና ስትዛወር ማህደርህ አብሮህ መሄዱን በደብዳቤ አረጋግጥ። የስም ዝርዝሩን ግልባጭ አትጣል። የአባዬ ነገር የተስተካከለው እሱ ወረቀት የማይጥል ሰው ስለሆነ ነው።

ሐሙስ ማታ ደብዳቤውን መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። እማዬ «ምን ይላል?» አለችው፣ «ልክ ነበርኩ ይላል» አላት። ከዚያ ስልኩን አነሳና ደብረ ሲና ደወለ። ሰላምታም አላበዛም።

«ጥር አንድ ሆነ» አለ።

ወዲያ ማዶ ሰውየው ሲጮሁ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ጡረታው እንደገና ገና አልተሰላም፣ ውዝፉም አልተነሳም። ሰኞ ይዘነው እንወርዳለን። አምስት ኮፒ አንስቻለሁ፣ ዋናው ሳጥኑ ውስጥ ነው።